ከባድ ሞተር መሪው እንዲታዘዝ፦ በጎጃም መንገድ ለሚነዱ የአያያዝና የጥገና ዝርዝር መመሪያ

ከባድ ሞተር ብስክሌት መሪው አልታዘዝ ሲል ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ሾክ ወይም ሌላ ዓይነት ጎማ መግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የሚገኘው ሳይለካ የቆየ የጎማ አየር፣ ግራሶው የደረቀ የመሪ ኩሽኔታ (መሪው ያለ ሰበቃ የሚዞርበት ክፍል) ወይም ከተጫነው ክብደት ጋር ያልተስተካከለ ሞላ ላይ ነው። እነዚህን ለማስተካከል አንድ ሙሉ ቅዳሜና ጥቂት መሣሪያ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ኩሽኔታዎች፣ ከዚያ ሞላ፣ በመጨረሻ የሾክ ማስተካከያ። ጎማው አየር ጎድሎት እያለ ሾክ የሚያስተካክል ሰው አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት እየሸፈነ ነው።

እዚህ ከባድ ሞተር የምንለው ከ600 ሲሲ በላይ ሆኖ ነዳጅ ሲሞላ ከ200 ኪሎ የሚበልጠውን ነው፤ እንደ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን፣ ያማሃ ቴኔሬና ቢኤምደብሊው ጂኤስ ያሉትን። የጎጃም መንገድ ለእነዚህ ፈታኝ የሚሆነው ጠባዩ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ የአባይን ሸለቆ አቋርጦ ደጀን የሚገባ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የሸለቆው መሬት የሚንሸራተት ስለሆነ አስፋልቱ ቦታ ቦታ ታጥፎና ተሰነጣጥቆ ይጠብቃል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ወይም ወደ ገጠር ቀበሌ የሚታጠፍ ደግሞ በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ዋልካ ያገኛል። አንድ ሞተር ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት

የራስዎ የጎማ ጌጅ፣ በሚሊ ሜትር የሚያነብ ሜትር፣ ክር፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ከተገኘ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)፣ ክሪክ፣ ጠንካራ ጣውላ፣ ግራሶ፣ ነጭ ጋዝና አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ደብተሩን ማንም አይናቀው። አሁን ያለውን ልክ ሁሉ ሳይነኩት በፊት ይጻፉት፤ ያደረጉት ለውጥ ካልተስማማዎት የሚመለሱበት ቦታ እሱ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩ። ሁለት ነገር ቀይረው ሞተሩ ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አይታወቅም፤ ቢብስም እንዲሁ።

ምልክቱ ራሱ ወደ ምክንያቱ ይመራል። ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቀንሱ መሪው ቶሎ ቶሎ ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማውን ወይም የመሪ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። በከፍተኛ ፍጥነት ሞተሩ በሙሉ ቀስ እያለ እንደ እባብ የሚዋልል ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው፦ ከበዛ ወይም ከፍ ብሎ ከተጫነ ዕቃ፣ ከጎደለ የኋላ ጎማ አየር ወይም ከላላ የኋላ ክንድ (የኋላ ጎማውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው ብረት)። የፊት ፍሬን ሲይዙ ከመሪው ሥር “ቋ” የሚል ድምፅ ከተሰማ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ሞተሩ መታጠፍ እየጠላ ድንገት ወደ ጎን የሚወድቅ ከመሰለዎት የጎማውን መሃል ይመልከቱ፤ በአስፋልት ብዙ የሄደ ጎማ መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል።

ጎማ

አየር የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከተነዳ በኋላ ጎማው ስለሚሞቅ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ከፍ ብሎ ይነበባል። ያንን አይቶ ያስተነፈሰ ሰው ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ያድራል። የጎሚስታው ጌጅ ሲወድቅ ሲነሳ፣ ለአይሱዙም ለባጃጅም ሲያገለግል የኖረ ስለሆነ እሱን ለመሙያ እንጂ ለመለኪያ አይመኑት።

ትክክለኛው ልክ በኋላው ክንድ ወይም በካቴናው መከለያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ለምሳሌ 1000 ሲሲ የሆነው አፍሪካ ትዊን ፊት 29፣ ኋላ 36 ፒኤስአይ ይጠይቃል። ረጅም የጠጠር መንገድ ሲጀምሩ ከዚህ ላይ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መቀነስ ጎማው መሬቱን እንዲይዝ ይረዳዋል። ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ባለው ጎማና ከነጭነት ግን ከ25 በታች አይውረዱ። የጎደለ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያውን በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጥጠዋል፤ ሲወጣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይታይበታል። አስፋልት ሲደርሱ መልሰው ይሙሉት፤ ስለዚህ የእጅ ወይም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከዕቃው አይጥፋ።

ከፍታም ይቆጠራል። 1,000 ሜትር ሲወጡ በዙሪያው ያለው አየር ስለሚሳሳ ጌጁ 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ይላል። በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ይወርዳል። ከሸለቆው ሙቀት ወጥቶ ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ ያደረ ሞተር ሁለቱ ተቻችለው ልኩ ብዙም ሳይለወጥ ሊገኝ ይችላል፤ ላይለወጥ ይችላል ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። ባደሩበት ቦታ ጠዋት ይለኩ፣ በዚያው ልክ ይሙሉ።

በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ርካሽ ሆኖ የሚቀርብ “አዲስ” ጎማ ሲገዙ መጀመሪያ ይህን ይዩ። ዓመታት በመደብር የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሳይነካ ጎሚኒው ደርቆ እርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝም።

የቫልቮላውን አንገትም ያስተውሉ። ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ካዘመመ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ካላማዳሪያውን እየጎተተው ነው፤ ሳይቆይ አንገቱ ላይ ይቀደዳል። አየሩን ሁሉ አውጥተው ጎማውን ወደ ቦታው ያዙሩትና እንደገና ይሙሉት። ቸርኬው በሽቦ የተወጠረ ከሆነ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ቁልፍ መታ መታ ያድርጓቸው። የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ይጮሃል፣ የላላው “ደብ” ይላል። የላላውን በሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ፤ ብዙ ከላሉ ግን ቸርኬው ስለሚጣመም ለባለሙያ ይስጡት።

የመሪ ኩሽኔታ

ይህ ክፍል በጎጃም መንገድ ከሁሉ በላይ ይጎዳል፤ ባለቤቶች ግን ከሁሉ በታች ያዩታል። በኮብልስቶንና በጠጠር ላይ እያንዳንዱ ምት መጨረሻ የሚያርፈው እዚህ ነው። በክረምት ደግሞ ውኃ ገብቶ ግራሶውን ወደ ቡኒ ጭቃ ይለውጠዋል።

ሞተሩን በመሃል መቆሚያው ያቁሙት። ከሞተሩ ሆድ ሥር ጣውላ አድርገው በክሪክ ቀስ ብለው የፊት ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት እስኪነሳ ያንሱት። ጣውላ የሌለው ክሪክ የዘይት መያዣውን ሊሰብር ይችላል። አንድ ሰው ከኋላ ይያዝልዎ። አሁን ከፊት ተቀምጠው የሁለቱን የፊት ሾኮች ግርጌ ይያዙና ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ይግፉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማዎት ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን በአንድ ጣት ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ልክ መሃሉ ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ የኩሽኔታው መቀመጫ ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለው በማጥበቅ አይድንም፤ መቀየር አለበት። መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ የማይችለውም መሃሉን በፈለገ ቁጥር እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

የላላ ብቻ ከሆነ ማስተካከል ይቻላል። የላይኛውን ማዕከላዊ ዳዶ ይፍቱ፣ የላይኛው ማያዣ ሾኮቹን የያዘበትን ብሎኖች ያላሉ፣ ከዚያ በታች ያለውን ክብ ማስተካከያ ዳዶ ልዩ ቁልፉ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በመንጠቆ ቁልፍ በጣም በጥቂቱ ያጥብቁ። በመዶሻና በካቻቪቴ እየመቱ ማጥበቅ በየጋራዡ ይታያል፤ የዳዶውን ጥርስ ይበላዋል፣ ልኩንም መገመት አይቻልም። ልክ የሚሆነው ሲሳብ ምንም የማይንቀሳቀስ፣ መሪው ከመሃል በትንሹ ሲነካ ደግሞ በራሱ ክብደት እስከ ዳር የሚወርድ ሲሆን ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ መሪ በቀስታ ሲነዱ ሞተሩን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል፤ ምክንያቱም ሚዛን ለመጠበቅ የሚያስፈልጉትን ጥቃቅን የመሪ እንቅስቃሴዎች ይይዛቸዋል። ሲጨርሱ የላይኛውን ዳዶ፣ ቀጥሎም ያላሏቸውን ብሎኖች አጥብቀው እንደገና ይፈትሹ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ይለወጣልና።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ መሪውን አስፈትቶ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ ማጠብና ውኃ የማይበግረው ግራሶ መሙላት ዋጋው ከአንድ አዲስ ኩሽኔታ ያነሰ ነው።

ሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ቀላል ናቸው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት፤ ቀቅ ካለ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። የኋላ ክንዱን ጫፍ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት፤ መንቀሳቀስ የለበትም። የኋላ ሾክ ከክንዱ ጋር በትናንሽ ማያያዣዎች በሚገናኝባቸው ሞተሮች ላይ እነዚያ ማያያዣዎች ጭቃው በቀጥታ የሚረጭባቸው ቦታ ላይ ናቸው። ደርቀው የተያዙ ከሆነ የትኛውም ውድ ሾክ አይሠራም።

ሞላውን ለክብደትዎ ማስተካከል

ብዙ ሰው የሞላውን ማጥበቂያ ሲያዞር ሞላው የሚጠነክር ይመስለዋል። አይጠነክርም። የሚለወጠው ሞተሩ ሲቀመጡበት የሚቆምበት ከፍታ ነው። ያ ከፍታ ደግሞ የመሪውን ዘንበል ማለት ስለሚወስን የሞተሩን ጠባይ ሁሉ ይወስነዋል። ኋላው ብዙ የሰመጠ ሞተር ፊቱ ይቀልና መሪው ይዋልላል፣ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ይሸሻል። ፊቱ ብዙ የሰመጠው ደግሞ ቶሎ ይታጠፋል፣ ግን ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ደፍቶ ይረበሻል።

ሥራው ሁለት ረዳት ይፈልጋል፤ አንዱ ሞተሩን የሚይዝ፣ አንዱ የሚለካ።

1. የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ እያለ ከጎማው ፐርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አንድ ቋሚ ምልክት ይለኩ። ምልክቱን በፕላስተር ያድርጉ። ይህ 640 ሚሊ ሜትር ነው እንበል።

2. ሞተሩን ያውርዱና ሰው ሳይቀመጥበት ይለኩ። 618 ቢሆን በራሱ ክብደት 22 ሰመጠ ማለት ነው።

3. የሚነዱበትን ልብስ፣ ጫማና ሄልሜት ለብሰው ይቀመጡ፤ እግርዎን በመርገጫው ላይ ያሳርፉ። ረዳትዎ ኋላውን ወደ ታች ተጭኖ ቀስ ብሎ ይልቀቅና ይለካ፣ ከዚያ ወደ ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ያውርድና እንደገና ይለካ። 571 እና 577 ቢመጣ አማካዩ 574 ነው። ሁለቴ የሚለካው በሾኩ ውስጥ ያለው ሰበቃ አንዱን ልክ ስለሚያሳስት ነው።

4. 640 ሲቀነስ 574፣ 66 ሚሊ ሜትር። የኋላ ጎማው ጠቅላላ መመላለሻ (ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት) 220 ከሆነ ይህ 30 በመቶ ነው፣ ልክ ነው። ለጠጠርና ለአስፋልት በቅይጥ ለሚነዳ ሞተር ከ28 እስከ 33 በመቶ እንመክራለን። አስፋልት ብቻ ለሚሄድ፣ መመላለሻው 120 ለሆነ ሞተር ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

5. ከዚህ በላይ ከሰመጠ ማጥበቂያውን ያዙሩ፣ እንደገና ይለኩ። ዙሩን ቆጥረው ይጻፉ።

ፊቱም እንዲሁ ነው፣ ግን ይቀላል። በሚያብረቀርቀው የሾክ ዘንግ ላይ ክር ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፣ ዘይቱን እስከሚያግደው ጎሚኒ ያውርዱት፣ ተቀምጠው ቀስ ብለው ይውረዱ። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ክሩና ጎሚኒው ምን ያህል እንደተራራቁ ይለኩ።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አብረው ያንብቡ፤ ሞላው ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ተቀምጠውበት 66 ሆኖ፣ ባዶውን ግን 5 ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ ሞላው ለክብደትዎ ለስላሳ ነው፤ ልኩ የመጣው ከመጠን በላይ በማጥበቅ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ጉድጓድ ሲያልፍ ኋላው ወደ ላይ ይወረውራል። ባዶውን 35 የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ሞላው ጠንካራ ነው። ገንዘብ ማውጣት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ሾክ ሳይሆን ሞላውን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ከኋላ ሰው ወይም 30 ኪሎ ዕቃ ሲጨመር ልኩ ይፈርሳል። ሙሉ ጭነትዎን ጭነው አንድ ጊዜ ይለኩና ወደ 30 በመቶ ለመመለስ ስንት ዙር እንደፈጀ ደብተሩ ላይ ያስፍሩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ሲወጡ መቁጠር ብቻ ነው።

የሾክ ማስተካከያና የሾክ ዘይት

ሾኩ ከተጫነ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚወስነውን ማስተካከያ ብሎን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ እየዘጉ ስንት ጊዜ ጠቅ እንዳለ ይቁጠሩ። ቀስ ብለው ይዝጉ፣ መጨረሻው ላይ አይጫኑት። ከዚያ ወደ ነበረበት መልሰው በሁለት ጠቅታ ብቻ እየቀየሩ ያንኑ 5 ኪሎ ሜትር መንገድ ደጋግመው ይንዱ። ኋላውን ተጭነው ሲለቁት አንዴ ተመልሶ መቆም አለበት። ሁለት ሦስቴ ከዘለለ የመመለሻው ማስተካከያ በጣም ተከፍቷል። በተከታታይ የታጠፈ አስፋልት ላይ፣ እንደ አባይ ሸለቆው ያለ፣ ኋላው እየሰመጠ እየደረቀ ከሄደ ደግሞ በጣም ተዘግቷል፤ ሾኩ ከአንዱ ምት ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል።

የፊት ሾክ ዘይት በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። አብዛኛው ሞተር 10 ደብልዩ ቁጥር ይጠቀማል፤ የሚገባው መጠን በሊትር ብቻ ሳይሆን ከቱቦው አፍ ወደ ታች በሚሊ ሜትር ይለካል፣ ሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። ጎሚኒው ዘይት ማላብ ሲጀምር ወዲያው አይቀይሩት። ብዙ ጊዜ የደረቀ ጭቃ ከንፈሩ ሥር ገብቶ ነው። የአቧራ መከላከያውን ወደ ታች አውርደው ከአሮጌ የራጅ ፊልም መንጠቆ ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፣ በዘንጉና በጎሚኒው መካከል አስገብተው ዙሪያውን ያዙሩ፣ ይሳቡ። የሚወጣው ጥቁር እድፍ የማላቡ ምክንያት ነው። ካጸዱት በኋላ ለጥቂት ቀን ነድተው አሁንም ካላበ ያኔ ይቀየር። ዘይቱ ወደ ፍሬን ሸራው ከወረደ ግን አይጠብቁ።

ካቴና

ልቅነቱ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝበት ርቀት) የሚለካው ጎማውን እያዞሩ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ነው፤ ያረጀ ካቴና እኩል አይረዝምምና። በረጃጅም ሾክ ሞተሮች ላይ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። እጅግ የጠበቀ ካቴና ከላላው ይብሳል፤ ሾኩ ሲሰምጥ ክንዱ ካቴናውን ስለሚወጥረው የማርሽ ሳጥኑን የውጭ ኩሽኔታ ይሰብራል፣ ሾኩንም እስከ መጨረሻው እንዳይሠራ ያደርገዋል። ካስተካከሉ በኋላ ከኋላ ጎማው በሁለቱም ጎን ክር ወጥረው ጎማው ከፊቱ ጋር ቀጥ ያለ መሆኑን ይዩ፤ ክንዱ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ሁልጊዜ ትክክል አይደሉም። የፐርኖው ዳዶ በብዙዎቹ ላይ የሚጠብቀው በ100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው።

በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ በጭቃ ከሆነ በየቀኑ፣ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው አድርቀው 80 ደብልዩ 90 የማርሽ ዘይት ይቀቡ። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ በካቴናው ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጎሚኒዎች ይጨርሷቸዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ልማድ ሆኗል፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ይሠራል። የሚቀባው ከጉዞ በኋላ፣ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ነው።

ፍሬንና የአባይ ቁልቁለት

240 ኪሎ ሞተር፣ 80 ኪሎ ሰውና 30 ኪሎ ዕቃ 1,000 ሜትር ሲወርድ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ያንን ሙቀት ወይ ሞተሩ ይቀበለዋል ወይ ፍሬኑ። ፍሬኑ ብቻውን ከተቀበለው ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ይፈላና እጀታው ባዶውን ወደ መሪው ይገባል።

የፍሬን ዘይት ውኃ ከአየር ይስባል። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውኃ ሲስብ ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይጠቀሙ፤ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ሲቀይሩ እጀታውን ተጭነው ይያዙ፣ የማስተንፈሻውን ብሎን ሩብ ዙር ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ከዚያ ብቻ እጀታውን ይልቀቁ። ከላይ ያለው ዘይት ዝቅተኛውን መስመር ሳያልፍ ይሙሉ፤ አየር ከገባ ሥራው ከመጀመሪያው ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ ይጠቡ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው ሞተር ግን አንዳንዱ ዓይነት በኮምፒውተር ስለሚተነፈስ አስቀድመው መመሪያውን ይዩ።

ሸራው 2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየር። ሲቀይሩ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የያዘው ክፍል) የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ዘንጎች አውጥተው ያጽዱና ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀቡ፤ ከክረምት በኋላ ዝገው ሲያዙ አንዱ ሸራ ብቻ ይበላል፣ ፍሬኑም ሳይለቅ እየጎተተ ይሞቃል።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ማርሹን ከላይ፣ ገና ሳይፈጥኑ ይምረጡ። ብዙ ጊዜ 2ኛ ወይም 3ኛ ይሆናል። ትክክለኛው ማርሽ ነዳጅ ሲለቁ ሞተሩ ራሱ የሚይዝበት ነው። ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ከዚያ ይታጠፉ። ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ሳይለቁ መያዝ ለሸራው የማቀዝቀዣ ጊዜ አይሰጠውም። በፎሌ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም፣ ሕይወት ያስከፍላል። የተሰነጠቀው አስፋልት በርዝመቱ የተከፈለ ከሆነ ስንጥቁን ዘንበል ብለው አይሻገሩት፤ ሞተሩን ቀጥ አድርገው በአጭሩ ይቁረጡት። በመታጠፊያ ውስጥ ከከባድ መኪና የተንጠባጠበ ዘይት ይጠብቁ። ሽታ ከሸተተዎት ሰፊ ቦታ ላይ ቆመው ይጠብቁ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ማፍሰስ ዲስኩን ያጣምመዋል።

ሞተር፣ ዘይት፣ አየር

በአጭሩ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ የሞተር ብስክሌት ዘይት ፍሪሲዮኑንም ስለሚያርስ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ ነዳጅ ቆጣቢ የተባለው የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ሁለተኛ፣ በጠጠር መንገድ ከአይሱዙ ኋላ አቧራ ሲውጥ የዋለ ሞተር የአየር ፊልትሮው በዚያው ሳምንት ይታይ። ሦስተኛ፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ አየር ስለሚሳሳበት ነዳጅ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ወይም ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ ካዩ ጄቱን (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ያሳንሱ። ሸለቆው ውስጥ ረጅም ጊዜ ለመንዳት ከወረዱ ይመልሱት።

ጭነት

በቅሎ የሚጭን ሰው ሁለቱን ጎን ሳያመዛዝን ገመድ አያጠብቅም፤ ለሞተርም ሕጉ ያው ነው። የግራና የቀኝ ሳጥን ልዩነት ከ2 ኪሎ አይብለጥ። ከባዱ ዕቃ፣ መሣሪያና መለዋወጫ፣ ከታችና ወደ ፊት ይሁን። ከኋላ ያለው የላይኛው ሳጥን ከ5 ኪሎ በላይ ሲሸከም ፊቱን እያቀለለ መሪውን ያዋልላል። ብዙ የመሪ መዋለል ያለ ምንም ጥገና፣ ዕቃውን በማውረድ ብቻ ይጠፋል።

ዋልካና ቀስታ

ዋልካ ሲርስ ጎማውን እንደ ሊጥ ይለብሰዋል። ወደ ጎማው የተጠጋ የፊት ጭቃ መከላከያ ካለው ጭቃው መካከላቸው ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል፤ በእንቅስቃሴ ላይ ከሆነ መውደቅ ነው። በክረምት ከአስፋልት ለሚወጣ መከላከያውን ማውለቅ ወይም ከፍ አድርጎ መግጠም ይሻላል። ካልተቻለ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ቆሞ በእንጨት መፋቅ ግድ ነው። ሲያጥቡ የግፊት ውኃውን ወደ ኩሽኔታዎች፣ ወደ ሾክ ጎሚኒዎችና ወደ ካቴናው ጎን አያቅኑ፤ የራዲያተሩን ጭቃም በለስላሳ ውኃ ያውርዱ።

ከባድ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በቀስታ ሲዞር ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ ሁለት ድንጋይ በ8 ሜትር ርቀት አስቀምጠው በዙሪያቸው የስምንት ቅርጽ ይንዱ። 1ኛ ማርሽ፣ ነዳጁ ቋሚ፣ ፍሪሲዮኑ በግማሽ፣ ፍጥነቱ በኋላ ፍሬን ብቻ። የፊት ፍሬን መሪው ታጥፎ እያለ አይነካም። ዓይንዎ ከጎማው ፊት ሳይሆን ከሚደርሱበት ድንጋይ ላይ ይሁን። ሲለምድዎት ርቀቱን ወደ 6 ሜትር ያጥቡት።

ከወደቀ መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉ፣ ማርሽ ውስጥ ያስገቡት። በቀኝ ጎኑ የወደቀ ከሆነ የጎን መቆሚያውን አስቀድመው ይክፈቱ። መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከ መጨረሻው ያዙሩ፣ ጀርባዎን ለመቀመጫው ሰጥተው ዝቅ ይበሉ፣ በአንድ እጅ የመሪውን እጀታ፣ በሌላው የኋላውን መያዣ ይያዙ፣ ከዚያ ወገብዎን ሳያጎብጡ በእግርዎ ወደ ኋላ በትናንሽ እርምጃ ይግፉ። ተዳፋት ላይ ጎማዎቹ ወደ ላይ ካሉ መጀመሪያ ሞተሩን መሬት ላይ አዙረው ጎማዎቹን ወደ ታች ያድርጉ። ሲነሳ ወዲያው አያስነሱት፤ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ የፍሬን እጀታውን ተጭነው ጥንካሬውን ይፈትሹ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ከቆመ ሾኮቹ በማያዣቸው ውስጥ ተጠማዘዋል ማለት ነው፤ የታችኛውን ማያዣ ብሎኖችና የፊቱን ፐርኖ አላልተው፣ ጎማውን በጉልበቶችዎ መካከል ይዘው መሪውን ወደ ቦታው ይመልሱና ከታች ወደ ላይ ያጥብቁ።